የእናቴን ክፍል የያዘ የሰው ዕቃ

ገርጂ ካለው ቤታችን ጀርባ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። ደረጃ የላትም። በሯ ወደ ግቢው ነው፤ መስኮቷ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ አልጋና ወንበር ገብቶባት ለአንድ ትልቅ ሰው ትበቃለች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በቅርቡ ነው። ለዓመታት በሩን ስንከፍት የሚቀበለን የቁምሳጥን ጀርባ ስለነበር፣ ክፍሏ መስኮት እንዳላት እኔ የቤቱ ባለቤት ራሴ በወሬ ነበር የምሰማው።

እናቴ በዚያን ጊዜ ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር። ዕጣው ሲወጣላት ሰፈሩን በእልልታ ያናወጥነው እኛ ልጆቿ ነን፤ ደረጃውን የምትወጣው ግን እሷ ሆነች። አባቴ ካረፈ በኋላ ደግሞ ደረጃው እየረዘመ ሄደ። «ግንበኛው ማታ ማታ እየመጣ ይቀጥልበታል» እላት ነበር። ትስቃለች። በየፎቁ ቆማ ትንፋሿን እየሰበሰበች ቢሆንም ትስቃለች።

ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠዋት ተነስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በራሷ እግር ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ መመለስ። ሰው ደግፏት ሳይሆን፣ መኪና አድርሷት ሳይሆን፣ በእግሯ። ከእኛ በር እስከ ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ያለው መንገድ ሜዳ ነው። እሷ በምትራመደው እርምጃ እንኳ የጀመረችውን ጸሎት ሳትጨርስ ትደርሳለች።

ስለዚህ ሐሳቡ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ያነሳችውም ባለቤቴ ናት።

«እማማን ለምን አናመጣቸውም?» አለችኝ አንድ ቀን። «ጉልበታቸው ሳያልቅ። ሰርቪሷን አጽድተን።»

«ነገ እናጸዳታለን» አልኩ።

ያ «ነገ» ሁለት ክረምት ፈጀ።

ስንፍና ብቻ አልነበረም። ስንፍናማ ቢሆን ኖሮ ባለቤቴ በአንድ ቅዳሜ ታወጣልኝ ነበር። ችግሩ ክፍሏን የሞላው ዕቃ የእኛ አለመሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ግቢ ያለው ሰው የዘመድ አዝማዱ መጋዘን ነው። ሰው ሁሉ ከጓሮው እየተነሳ ወደ ፎቅ ሲወጣ፣ ፎቁ ላይ የማይወጣለትን ዕቃ የሚያስቀምጠው እኛ ጋ ነው። ሁሉም ሲመጣ የሚለው ደግሞ አንድ ነው፤ «ለሁለት ሳምንት ብቻ፣ አደራ።» እኛም «ምን ችግር አለው!» እንላለን። እዚህ አገር «ምን ችግር አለው» ተብሎ የተጀመረ ነገር ሁሉ ችግሩ ኋላ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ የገባው ቁምሳጥን ነው። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት ሴትዮ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ስትሄድ፣ የአዲሱ ቤቷ ደረጃ መታጠፊያ አላሳልፍ ብሎት ተመለሰ። ባለ ሦስት በር ነው፤ ሲገፋ የሚያወጣው ድምፅ አያት ሰፈር ድረስ ይሰማል። ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ፀጉር ቤቱን ሲዘጋ የደንበኛ ወንበሩን አመጣ፤ ያ በእግር እየረገጡ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉትን፣ ብረቱ ብቻ የአንድ ጎልማሳ በሬ ክብደት ያለውን። በመጨረሻ አንድ ወዳጄ ቤት እየሠራ ሳለ የመታጠቢያ ገንዳ ገዝቶ፣ ሲሚንቶ እንዳያበላሽብኝ ብሎ እኔ ጋ አስቀመጠው። ነጭ፣ እግር ያለው፣ ሰፊ ገንዳ። ልጄ ሕፃን ሳለች እየተደበቀችበት ነው ያደገችው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት።

በእነዚህ መሐል ባለው ክፍተት ሁሉ የራሳችን ጉድ ተጠቀጠቀ። ውሃ በተራ ስለሚመጣ የተሰበሰቡ ጀሪካኖች፤ ከመጋረጃ ሱቄ የተረፉ ቁርጥራጮች፤ ቴሌቪዥኑ ከሞተ በኋላ ሐዘኑ ላይ የተቀመጠ የሚመስል የቴሌቪዥን ካርቶን።

አንድ ቅዳሜ እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ወገባችንን አስረን ተነሳን። ልጄ ስልኳን ይዛ መመሪያ ታነብብልናለች።

«አባዬ፣ ስማ፤ ስድስት ወር ያልነካኸው ዕቃ ካለ አስወግደው ይላል።»

«ማነው የሚለው?»

«ቪዲዮው ነዋ!»

ባለቤቴ ጀሪካን ላይ ቁጭ ብላ አየችኝ። «ስድስት ወር ያልተነካ ከተባለማ፣ ከአባትሽ እንጀምር።»

«ኡፍ፣ እማዬ! ፕሊስ! እዚህ ቆሜያለሁ እኮ!»

እንዲህ እየተሳሳቅን የራሳችንን አወጣን። እውነቱን ለመናገር የራሳችንን ማውጣት ብዙም አልከበደም። ቁራሌው ሲጮህ ጠራነው፤ ጀሪካኑን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ እኔንም ከላይ እስከ ታች አየኝና የሚበጀውን መርጦ ወሰደ። እኔን ተወኝ። ከባዱ የመጣው የሰው አደራ ጋ ስንደርስ ነው። ሁሉንም ተጋግዘን ግቢው መሐል አወጣነው። ከዚያ ቆመን ተያየን። የት እናድርገው? ሰማዩ ጠቆረ። ጠዋት ያወጣነውን ከሰዓት በኋላ እያለከለክን መለስነው። ዕቃ ደግሞ አንዴ አየር ካገኘ ያብጣል መሰለኝ፣ ሲመለስ በሩ አልዘጋ አለ። እኔ መጋረጃ ነጋዴ ነኝ፤ ችግር ሲገጥመኝ መጋረጃ እሰቅልበታለሁ። በሩ ላይ ቆንጆ አበባማ መጋረጃ ሰቀልኩ፤ ያማረ ሆነ። ያየ ሰው ከኋላው ሳሎን ያለ ይመስለዋል።

ለዓመት በዓል እናቴን ይዘናት መጣን። ግቢውን ስትዞር መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች።

«ይሄ ሁሉ የማነው?»

«የሰው ነው፣ እማዬ። አደራ ነው። እናስነሳውና አንቺ ትገቢበታለሽ።»

ፊቷ ተለወጠ። «የሰው አደራ አውጥተህ እኔን ልታስገባኝ? አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል አልሰማህም? ባለቤቱ በአፉ ፈትቼሃለሁ ሳይልህ እንዳትነካው።»

«እሺ፣ እደውልና ውሰዱልኝ እላቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ? ቤቴ ጠበበኝ ልትል? ሰው አምኖህ ያስቀመጠውን ከደጄ አንሳልኝ ይባላል? ይሉኝታ የለህም እንዴ፣ ልጄ?»

«ደረጃውስ?»

«ደረጃው ምን ሆነ? አልቸገረኝም። ስፖርት ነው።»

ስፖርት የሚለውን ከእኔ ነው የተማረችው። እኔ ስለ ደረጃው የቀለድኩት ቀልድ ሁሉ ተመልሶ ከእሷ አፍ ይወጣ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ እናቴ ቀልድ ገባት ብዬ።

አልደወልኩም። እንዴት ብዬ ልደውል? ወዳጄን በቤት ሥራው ያየው መከራ ይበቃዋል ብዬ አዘንኩለት። ሴትዮዋን ቁምሳጥንሽን ውሰጂ ብላት ደረጃው ላይ አቁማ ትለብስበት? የአክስቴ ልጅማ ጭራሽ አኩርፎኛል መሰለኝ፤ ኢምፔሪያል አካባቢ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ለሚያኮርፍ ሰው ደግሞ ወንበርህን ውሰድ ብሎ መደወል ጦርነት ማወጅ ነው።

እንዲህ እያልኩ ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። እናቴ በፊት በየጠዋቱ ወርዳ አራብሳ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ትሳለም ነበር። ኋላ እሑድ እሑድ ብቻ ሆነ። ቆይቶ ለወርኃዊ በዓሏ ብቻ። ከዚያ ጧፉን በጎረቤት መላክ ጀመረች። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ብትነግረኝ እደነግጥ ነበር። ግን ጥቂት በጥቂት ስለሆነ፣ ደግሞም ራሷ እየሳቀች ስለምትነግረኝ፣ ሳላስተውለው አለፈኝ።

«ዛሬ ተሳለምሽ?» እላታለሁ በስልክ።

«ከበረንዳዬ ላይ ሆኜ ተሳለምኩ» ትላለች። «ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ከናንተ ይልቅ እኔ ለመላእክቱ እቀርባለሁ።»

እኔ ቀልድ የምወድ ሰው ነኝና ስቄ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ሳቄን ባስታወስኩት ቁጥር ልውጠው እፈልጋለሁ፤ አይዋጥም።

በመጨረሻ የደወለችልኝ እናቴ ሳትሆን የእሷ ጎረቤት ናት፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለች ወጣት ሴት። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ በሰው ነገር መግባት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት» አለችኝ። «እማማ ከወረዱ ቆዩ እኮ። ውሃውንም አስቤዛውንም እኛ ነን የምናወጣላቸው። ለልጄ እንዳትነግሩት ስላሉን ነው።»

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ ፊቴን አይታ «ደውል» አለችኝ። «አሁን። እዚሁ ፊቴ ላይ።»

መጀመሪያ ለባለገንዳው ወዳጄ ደወልኩ። ይሉኝታዬን ለመሸፈን ከሩቅ ተነሳሁ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ መቆፈር። ባለቤቴ በክርኗ ነካችኝ።

«ያን ገንዳህን በተመለከተ...» አልኩ።

«የቱ ገንዳ?»

«ነጩ። እግር ያለው።»

እንደ መብረቅ ሳቀ። «ወይኔ ጉዴ! እስካሁን አለ እንዴ? እኔ እኮ ድሮ ጥለኸዋል ብዬ፣ እንዳላሳፍርህ ነው ያልጠየቅሁህ! ቤቱ ካለቀ ቆየ እኮ፤ ሻወር ነው ያስገባሁበት። ምርቃቱ ላይ አልነበርክም እንዴ?»

ነበርኩ። ጉድ እኮ ነው፤ ነበርኩ! የምርቃቱን ሥጋ በልቼ፣ መታጠቢያ ቤቱ ገብቼ እጄን ታጥቤያለሁ። ሻወሩንም አይቻለሁ፤ ለገንዳ የሚሆን ቦታ እንደሌለም አይቻለሁ። ግን ገንዳህን የት ልታደርገው ነው ብሎ መጠየቅ፣ በሰው ምርቃት ላይ የቤት ፕላን መተቸት መስሎኝ፣ እጄን አድርቄ ወጣሁ።

ለሴትዮዋ ደወልኩ። እሷ ደግሞ ገና ቁምሳጥን ስል ድምፅዋ ተሰበረ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ለናንተ ሰጥቼ ነው የሄድኩት!»

«አስቀምጡልኝ አልነበር ያልሽን?»

«ታዲያ አሮጌ ዕቃ እንካችሁ ይባላል እንዴ? ንቀት እንዳይመስልብኝ ብዬ አስቀምጡልኝ አልኳችኋ! እናንተ ትጠቀሙበታላችሁ ብዬ...»

«ከፍተነው እንኳ አናውቅም።»

«ውይ!» አለች። «ውይ፣ ውይ፣ ውይ።» ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ስልኩ ውስጥ ውይ ተባባልን።

የአክስቴን ልጅ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ፈርቼ ነው። አነሳው። «አንተ!» አለ። «ስለ ወንበሩ ልትጠይቀኝ ነው አይደል?»

«እንዴት አወቅህ?»

«እኔማ መንገድ ላይ ባየሁህ ቁጥር ወንበሬን ስጠኝ ሊለኝ ነው የመጣው እንዳትል፣ ደግሞም ሸጠኸው ከሆነ እንዳትሸማቀቅ ብዬ ነበር እኮ የምሻገረው!»

«ያኮረፍከኝ መስሎኝ እኮ ነው!»

«ምን አድርገኸኝ አኮርፍሃለሁ? በል ጣለው ያንን ብረት። ፈትቼሃለሁ።»

ቡና እንጠጣ ተባብለን ዘጋን። ለቅሶዬን ባለቤቴ እንዳትሰማ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለዓመታት የጠበቅሁት ዕቃ ጠያቂ የለውም ነበር። እኔ በይሉኝታ አልደወልኩም፤ እነሱ በይሉኝታ አልጠየቁም፤ እናቴ በይሉኝታ መውረድ አቃተኝ አላለችም። ሁላችንም ጨዋ ነን። እንደኛ ያለ ጨዋ ሕዝብ የለም! ቁምሳጥኑ በጨዋነታችን መሐል ተንደላቅቆ ሲኖር፣ አንዲት አሮጊት አራተኛ ፎቅ ላይ ቀረች።

ክፍሏ ለመጽዳት አንድ ቅዳሜ እንኳ አልፈጀችም። ገንዳውን መንገድ ዳር ያሉ መኪና አጣቢዎች ውሃ ሊያጠራቅሙበት ወሰዱት። ወንበሩን አዲስ ፀጉር ቤት የከፈተ ሰው በደስታ ጫነው። ቁምሳጥኑን አናጺ ፈታታው። የመጨረሻው ሳንቃ ሲወጣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ባለቤቴ መጥረጊያውን እንደያዘች ቆመች። «ቆንጆ ክፍል ነው እኮ» አለች። ቢያስቅም አያስቅም ሁልጊዜ ከአፌ የማይጠፋው ቀልድ ያን ቀን ጠፋኝ።

አራብሳ ላይ የኮንዶሚኒየሙ ጎልማሶች እናቴን በወንበር ተሸክመው አወረዷት። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች።

«እንደ ሙሽራ እኮ ነው የወጣሽው» አልኳት።

«ዝም በል፣ አንተ ቀልደኛ» አለች ከነጠላዋ ውስጥ። በየፎቁ ግን ታስቆማቸው ነበር፤ በር ላይ የቆሙትን ጎረቤቶች አንድ በአንድ መረቀች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያቺ ወጣት አለቀሰች። እናቴ አንገቷን ይዛ ሳመቻትና «ለልጄ እንዳትነግሩት ብያችሁ አልነበር?» አለቻት፤ ቁጣም ምስጋናም በሆነ ድምፅ።

ክፍሏ ደስ አለቻት። ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰች፤ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች። በማግስቱ ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ተነስታ ነጠላዋን አጣፍታ አገኘኋት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አድርጋለች።

«ልሂድ» አለች።

ክንዷን ልይዛት ስል ከለከለችኝ። ተነሳች። ግድግዳውን ይዛ በሩ ድረስ ደረሰች። ከበሩ እስከ ግቢው መሐል ሄደች፤ ዕቃውን ያኔ አውጥተን ያቆምንበት ቦታ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት። ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳት። ኋላ ሐኪም ጋ ስንወስዳት፣ ብዙ ጊዜ ሳይራመዱ ቆይተዋል፣ ጡንቻው መንምኗል፣ ቀደም ብሎ ሜዳ ላይ ቢንቀሳቀሱ ኖሮ ጥሩ ነበር አለን። እናቴ መኪና ውስጥ ስንገባ፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ አድርጋ፣

«አምና ቢሆን ደርሼ እመለስ ነበር» አለች።

ዕቃ ስለማስወገድ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ዕቃው አይደለም የሚከብደው፤ ስልኩ ነው። ዛሬ ደውሉ። ቢያኮርፏችሁም ያኩርፏችሁ።

እሑድ በአሮጌዋ መኪናዬ ይዣት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ተሸክመን እናስገባሽ ብንላት አሻፈረኝ አለች፤ «በእግሬ ካልሆነ አልገባም። ከደጁ ይበቃኛል።» ከዋናው በር ፊት ለፊት አቆምኩ። መስታወቱን አወረደችና ገና ማማተብ ስትጀምር ጥበቃው እያፏጨ መጣ።

«ጋሼ፣ እዚህ ማቆም አይቻልም! መንገዱን ዘጋኸው እኮ!»

ከኋላዬ ሚኒባሶቹ ጡሩምባቸውን ለቀቁት፤ የምጽአት ቀን እንኳ ያን ያህል መለከት አይነፋም። ሄድኩ። ለመመለስ እስከ ኢምፔሪያል ድረስ ሄዶ መዞር ግድ ነው።

«አልጨረስኩም» አለች እናቴ። «ዙርልኝ።»

ዞርኩ። በሩ ጋ ስንደርስ መኪናዋን ሰው ከሚራመደው ባነሰ ፍጥነት ነዳኋት። እናቴ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች፣ አማተበች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጡሩምባው እንደገና ተነሳ። አለፍን። ደግመን ዞርን። ጥበቃው አውቆን ማፏጨቱን ትቶ፣ ስናልፍ ኮፍያውን ማንሳት ጀመረ።

«አሁን ይብቃኝ» አለች። «ነዳጅህን ጨረስኩት።»

መስታወቱን ግን አልዘጋችውም። እኔም ወደ ቤታችን የሚያስገባውን መታጠፊያ አልፌ አንዴ ደግሜ አዞርኳት።